ተርማል ካሜራ የመስታወትን ውጥረት ያሳያል? ከአዳማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው አዳማ ላይ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ከሚሠራ ወጣት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ 6 ሚሊ ሰማያዊ ሪፍሌክቲቭ (አንጸባራቂ) መስታወት ገጥሜ ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከኅዳር ወዲህ አምስት መስታወት ተሰነጠቀ። አምስቱም በምሥራቅ በኩል ያሉ ናቸው። ሦስቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ተከራዩ ካርቶን የሚደረድርበት ክፍል ናቸው። ማንም አልነካቸውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ጥበቃው ‹ጧ› የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቀና ሲል ተሰንጥቋል። ኤሌክትሪሺያን ጓደኛዬ ተርማል ካሜራ አዋሰኝና ደህነኞቹን ፎቶ አነሳኋቸው። መሀላቸው ቀይ፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ነው። አንዱ ላይ ለብቻው የቀላ ክብ ነገርም አለ። ባለቤቱ ‹ይኸው ስትረሱ ታየ፣ ዕቃው አይረባም፣ በራስህ ወጪ ቀይር› አለኝ። እውነት የሚታየው ስትረስ ነው? ቀለሙን ወደ ስትረስ መቀየር ይቻላል?»

ወንድሜ፣ መልሱን መጀመሪያ ላስቀምጥልህ። ካሜራው ያሳየህ ስትረስ አይደለም። ሙቀት ነው፤ እሱም የመስታወቱ የላይኛው ቆዳ ሙቀት ብቻ። ቀለሙን በቀጥታ ወደ ስትረስ የሚቀይር ቀመር የለም። «ዕቃው አይረባም» የሚለው ፍርድም ከዚህ ፎቶ አይወጣም። ፎቶውን ግን እንዳታጠፋው። ባለቤቱ ያየው ቀዩን ነው። እኔ ዓይኔን የሳበው ዳር ዳሩ ላይ ያለው ሰማያዊ ነው። የመስታወቶችህ ጣጣ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ስትረስን በአማርኛ ውጥረት እንበለው። የክራር ጅማት አስብ። ላልቶም ተወጥሮም ሲቀመጥ ሙቀቱ አንድ ነው። በጣትህ ብትነካው አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም። መወጠሩን የምታውቀው ስትመታው ነው። መስታወትም ውስጡ እንደተወጠረ ለዓመታት ዝም ብሎ ሊቆም ይችላል። ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የተጠናከረ፣ መስታወትን ውሰድ። ቆዳው በኃይል ተጨምቋል፣ ሆዱ ተወጥሯል። ጥላ ውስጥ ከተራ መስታወት አጠገብ አቁመህ በተርማል ካሜራ ብታያቸው አትለያቸውም። አንዱ ውስጡ ብዙ ውጥረት አለ፣ ሌላው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ በካሜራው ላይ ግን ሁለቱም ያው አንድ ቀለም ናቸው።

አሁን ወደዚያ ቀይ ክብ ልምጣ። እኔም እዚሁ አዳማ አንድ የሕንፃ ባለቤት እንዲህ ያለ ክብ አሳይቶኝ ያውቃል። ከመስታወቱ ፊት አብረን ቆመን ካሜራውን ይዤለት ነበር። «ያውና፣ እዚያ ጋ ሊፈነዳ ነው» አለኝ። ቀኝ እጅህን ወደ ጎን ዘርጋ አልኩት። ዘረጋ። ክቡም እጅ አወጣ። የራሱ ጭንቅላትና ትከሻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስታወት ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን ያሳልፋል። ለተለመደው ተርማል ካሜራ ጨረር ግን ዝግ ነው። በእጅ የሚያዙት ካሜራዎች የሚያዩት ከ8 እስከ 14 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሞገድ ርዝመት ያለውን የሙቀት ጨረር ሲሆን፣ ለዚህ ጨረር መስታወት እንደ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ካሜራው መስታወቱን አልፎ ውስጡን ወይም ጀርባውን አያይም። የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ከቆዳው የሚወጣውን ሙቀትና ቆዳው ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን የሌላ ነገር ሙቀት። ሽፋን የሌለው መስታወት ከሚደርሰው የሙቀት ጨረር 15 በመቶ አካባቢውን መልሶ ያንጸባርቃል። ሰውነትህ ከመስታወቱ ሞቅ ካለ ጥላህ ቀይ ሆኖ ይታያል። የቆመ መኪና ሞተር፣ የሞቀ የፊት ለፊት ግድግዳ፣ ሁሉም እንደዚያው።

ሰማይም አለ። ከመሬት ቆመህ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ስታነሳ መስታወቱ የሚያንጸባርቅልህ ሰማዩን ነው። በበጋ የጠራ ሰማይ ለካሜራው እጅግ ቀዝቃዛ ነው። የላይኛው ፎቅ መስታወት ከታችኛው የቀዘቀዘ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ሽፋን ያላቸው መስታወቶች ደግሞ ጭራሽ ያሳስታሉ። ሎው ኢ የሚባለው ሽፋን የሙቀት ጨረርን እንደ ፊት ማያ መስተዋት ይመልሳል፤ በሽፋኑ በኩል ካነሳኸው ካሜራው የሚነግርህ ቁጥር የመስታወቱ ሳይሆን የአካባቢው ነው። ያንተን መስታወት ለመፈተን መዳፍህን ወደ መስታወቱ አስጠግተህ በካሜራው ተመልከት። የመዳፍህ ምስል ደማቅ ሆኖ ከታየህ በዚያ በኩል ያለውን ንባብ አትመነው።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ካሜራው ቀይና ሰማያዊውን የሚያከፋፍለው በዚያው ፎቶ ውስጥ ያለውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት አይቶ ነው። የ2 ዲግሪ ልዩነትም ቢሆን፣ የ40 ዲግሪ ልዩነትም ቢሆን ፎቶው ያው ከሰማያዊ እስከ ቀይ ይሞላል። ስለዚህ «ቀልቷል» ብቻውን ምንም አይልም። ፎቶው ጎን ያለውን የሙቀት መለኪያ መስመር ታችና ላይ ቁጥሮቹን አንብብ። የላክልኝ ጥያቄ ውስጥ ቁጥሮቹ የሉም። የምፈልገው እነሱን ነበር።

ለመሆኑ በሙቀት ካሜራ ውጥረት መለካት ጭራሽ አይቻልም? ይቻላል፤ በላቦራቶሪ። ሲሞቅ የሚሰፋ ጠጣር ነገር ድንገት ሲሳብ በጣም በጥቂቱ ይቀዘቅዛል፣ ድንገት ሲጨመቅ በጥቂቱ ይሞቃል። የክራሩንም ጅማት በምትወጥርበት ቅጽበት ትንሽ የሙቀት ለውጥ አለ፤ ወዲያው ከአካባቢው ጋር ይስተካከላል እንጂ። ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሳይንቲስት፣ ይህን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በሂሳብ አስቀምጦታል። ዛሬ መሐንዲሶች አንድን ዕቃ በማሽን ደጋግመው እየሳቡና እየለቀቁ፣ በጣም ስሱ በሆነ ካሜራ የሙቀቱን ውጣ ውረድ ይከተላሉ፤ ከዚያም የውጥረቱን ካርታ ያወጣሉ።

ለመስታወት ሂሳቡን ሠርቼልሃለሁ። ውጥረቱ በ10 ሜጋፓስካል ሲለወጥ ሙቀቱ የሚለወጠው በ0.013 ዲግሪ አካባቢ ነው። 1 ሜጋፓስካል ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ያህል ነው። በእጅ የሚያዝ ካሜራ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ልዩነት በአብዛኛው ከ0.05 እስከ 0.1 ዲግሪ ነው። የሚፈለገውን ለውጥ አያየውም ማለት ነው። ቢያየውም እንኳ ይህ ዘዴ የሚለካው የሚለዋወጥ ውጥረትን ነው። ተኝቶ የቆየ ውጥረትን አይነግርህም። መስኮት ላይ ቆሞ ያለን መስታወት ማንም እየሳበ አይለቀውም።

ተርማል ካሜራ በመስታወት ሥራ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቴምፐርድ ሲሠራ መስታወቱ ከ620 ዲግሪ በላይ ይሞቅና በኃይለኛ አየር ድንገት ይቀዘቅዛል። ውጥረቱ የሚወለደው በዚያች ደቂቃ ነው። ከምድጃው ሲወጣ አንዱ ጎን ከሌላው የሞቀ ከሆነ ውጥረቱም እኩል አይሆንም። ስለዚህ መውጫው ላይ ስካነር ያስቀምጣሉ። ስካነሮቹ ለዚህ የሚመረጡት 5 ማይክሮን አካባቢ የሚያዩት ናቸው፤ እዚያ ጋ መስታወቱ ዝግ ነው፣ ነጸብራቁም ትንሽ ነው። እዚያም ቢሆን የሚለኩት ሙቀት ነው። ውጥረቱን የሚያረጋግጡት በኋላ፣ በሌላ መሣሪያ ነው።

ያ ሌላው መሣሪያ በብርሃን ይሠራል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ቤትህ ውስጥ ልትሞክረው ትችላለህና። ዴቪድ ብሩስተር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ አጋማሽ አንድ ነገር አስተዋለ። የተወጠረ መስታወት በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይዘገያል። መዘግየቱ ከውጥረቱ ጋር ይመጣጠናል። በባዶ ዓይን አይታይም። በሁለት ፖላራይዘር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉ ማጣሪያዎች፣ መካከል ሲቀመጥ ግን መብራትና ቀለም ሆኖ ይወጣል። ጠርሙስ ፋብሪካዎች ጠርሙሱ በደንብ ተረጋግቶ መቀዝቀዙን የሚያዩት እስከ ዛሬ በዚሁ መንገድ ነው።

እንዲህ አድርግ። ላፕቶፕህ ላይ ነጭ ገጽ ክፈት። የኤልሲዲ ስክሪን ብርሃን በራሱ ፖላራይዝድ ነው፤ አንዱ ፖላራይዘር ተገኘ ማለት ነው። ሁለተኛው ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ነው። መነጽሩን ከስክሪኑ ፊት ይዘህ ቀስ እያልክ አዙረው። እውነተኛ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ይጨልማል። ካልጨለመ መነጽሩ ተራ ነውና ሌላ ፈልግ። እንደጨለመ ሳትነቃነቅ በመሀል ትንሽ የቴምፐርድ ቁራጭ ወይም የሞባይል መከላከያ መስታወት አስገባ። ጨለማው ውስጥ ግራጫና ነጭ ጥላዎች ብቅ ይላሉ፤ ጠርዙ አካባቢ በደንብ ይበራል። እያዘነበልክ እየው። ከዚያ ከሱቅህ የተቆረጠ ተራ መስታወት አስገባ። ጨለማው ያው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። አሁን ተራውን ቁራጭ አንድ ጫፉን ለአንድ ደቂቃ በጣትህ ጨብጠህ አሙቀውና መልሰህ እየው። የጣትህ ቦታ ዙሪያ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ታያለህ። ሙቀት ውጥረት ሲወልድ በዓይንህ አየህ ማለት ነው። ወፍራም ቁራጭ ከሆነ የበለጠ ይታያል።

ይህ ዘዴ ዓይነቱን እንጂ ቁጥሩን አይሰጥህም። ቴምፐርድን ከፊት ስታየው የቆዳው ጭመቃና የሆዱ ውጥረት እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ከመሀሉ ብዙ አይታይም። የቆዳውን ጭመቃ በቁጥር የሚለካ መሣሪያ ብርሃኑን በራሱ በቆዳው ውስጥ ያስኬደዋል። የአሜሪካ ደረጃ ሙሉ ቴምፐርድ ለሚባለው ቢያንስ 69 ሜጋፓስካል የቆዳ ጭመቃ ይጠይቃል። ወደፊት «ቴምፐርድ ነው» ተብለህ ስትገዛ ግን የላፕቶፑ ፈተና ይበቃሃል።

አሁን ወደ ሕንፃህ እንግባ። ያንተ መስታወት ቴምፐርድ አይደለም፤ ይህን በእርግጠኝነት የምለው ተሰንጥቆ ፍሬሙ ላይ ስለቆየ ነው። ቴምፐርድ ቢሆን ኖሮ እንደ ጨው ተበትኖ መንገድ ላይ ታገኘው ነበር። ስለዚህ የኒኬል ሰልፋይድ ጠጠር (መስታወቱ ሲሠራ ውስጡ የሚቀር ደቃቅ ጠጠር) ነው የሚልህ ሰው ቢመጣም ተወው። እሱ የቴምፐርድ ችግር ነው።

የተፈጠረው ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር የአዳማ ሌሊት ይቀዘቅዛል። አሉሚኒየሙም፣ ፍሬሙ ውስጥ የተቀበረው የመስታወቱ ጠርዝም ቀዝቅዘው ያድራሉ። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሲል የምሥራቁን ፊት በቀጥታ ትመታዋለች። ሰማያዊው ሪፍሌክቲቭ ከነጩ መስታወት ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ይውጣል። መሀሉ ቶሎ ይሞቃል፣ ሊሰፋ ይፈልጋል። ጠርዙ ግን ጎማና አሉሚኒየም ውስጥ ተደብቆ ገና ሌሊት ላይ ነው። መሀሉ ይሰፋል፣ ጠርዙ አልሰፋም ይላል። ስለዚህ ጠርዙ ይወጠራል። መስታወት ጭመቃን ይችላል፤ መወጠር ግን አይወድም። ጠርዙ ላይ አንዲት ሽራፊ ካለች ከዚያ ይጀምርና «ጧ» ይላል።

ምዕራቡ ለምን ዳነ? ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ምዕራቡን ስትመታ ፍሬሙ ቀኑን ሙሉ ሞቆ ቆይቷል። በመሀልና በጠርዝ መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል አይሰፋም። ደግሞ ከተማችን ነፋሻማ ናት፤ ነፋስ የመስታወቱን መሀል ስለሚያቀዘቅዝ ይረዳል። ጥበቃውን ጠይቀው፤ የተሰነጠቁት ጠዋቶች ጸጥ ያሉ እንደነበሩ ብትሰማ አይገርመኝም።

እዚህ ላይ ነው ካሜራህ የሚጠቅመው። ውጥረትን አያይም፤ የዚህን ውጥረት አባት ግን ያያል። ለተራ መስታወት ሂሳቡ ቀላል ነው። በመሀልና በጠርዝ መካከል ያለ እያንዳንዱ 1 ዲግሪ ልዩነት ጠርዙ ላይ እስከ 0.63 ሜጋፓስካል ያመጣል። ቁጥሩ የመጣው ከመስታወቱ ግትርነት፣ 70,000 ሜጋፓስካል፣ እና በየዲግሪው ከሚሰፋበት መጠን፣ ከሚሊዮን 9፣ ነው። ሁለቱን አባዛቸው። ለምሳሌ መሀሉ 48፣ ጠርዙ 21 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 27 ነው፤ ውጥረቱ 17 ሜጋፓስካል ይደርሳል። የተራ መስታወት ጥንካሬ በደረጃ ሰነድ ላይ 45 ሜጋፓስካል ተብሎ ይጻፋል። በእጅ የተቆረጠና የተሸረፈ ጠርዝ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ይለቃል። በሥራው ዓለም ለተራ መስታወት ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ልዩነት የአደጋ ክልል ነው። ቴምፐርድ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የልዩነቱን ስፋት ተመልከትልኝ።

አለካኩ ግን እንደ ፎቶው አይሁን። የቀለም ቀቢዎችን የወረቀት ቴፕ ግዛ። ቁራጭ ቁራጭ እያደረግህ ከውስጥ በኩል፣ አንዱን መሀል፣ ሌላውን ከፍሬሙ አፍ አጠገብ፣ ሦስተኛውን አሉሚኒየሙ ላይ ለጥፍ። ነጭ ቢሆንም ለካሜራው ከጥቁር አይለይም፤ ፀሐይን ደግሞ እንደ ጥቁር ቴፕ አይውጥም። አሉሚኒየሙ ላይ ያለ ቴፕ በተለይ ግድ ነው፤ ባዶ አሉሚኒየም ለካሜራ መስተዋት ነውና ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ይሆናል። በካሜራው ሜኑ ውስጥ ኢሚሲቪቲ የሚለውን (አንድ ነገር የሙቀት ጨረር የማውጣት አቅሙን የሚያሳይ ቁጥር ነው) ወደ 0.95 አስተካክል። ከፊት ለፊት ሳይሆን በትንሹ ወደ ጎን ቆመህ፣ ቀረብ ብለህ፣ ቴፑን ብቻ አንብብ። ፍሬሙ ውስጥ የተቀበረውን ጠርዝ ካሜራ አያየውም፤ የአሉሚኒየሙን ቁጥር ለእሱ ግምት ውሰድ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ 1 ተኩል፣ 2 ተኩልና 3 ተኩል ላይ አንብበህ ወረቀት ላይ ጻፍ።

ይህንን ሁለት ቦታ አድርገው፤ አንዱን ባዶ ክፍል፣ ሌላውን ካርቶን ያለበት ክፍል። በጥያቄህ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፍከው ያ ካርቶን እኔን አላስተኛ ብሎኛል። ከአምስቱ ሦስቱ እዚያ ናቸው። ካርቶን መስታወት ላይ ሲደገፍ በመሀላቸው ያለው አየር አይዘዋወርም። መስታወቱ የዋጠውን ሙቀት ወደ ክፍሉ መልቀቅ ያቅተዋል፤ ካርቶኑም ሞቆ መልሶ ያሞቀዋል። መሀሉ በ10 ዲግሪ ቢጨምር ከላይ ባለው ሂሳብ ሌላ 6 ሜጋፓስካል ተጨመረ። ወፍራም መጋረጃ፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጥቁር ስቲከር፣ ከመስታወት ጋር የተጣበቀ የጂብሰም ግድግዳ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ካርቶኑን 20 ሴንቲ ሜትር እንኳ ማራቅ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ይህ ያንተ ጥፋት አይደለም፤ የተከራዩ አጠቃቀም ነው። ባለቤቱ ይህን በቁጥር ቢያይ ይመስለኛል ንግግሩ ይለወጣል።

ያንተም ድርሻ ሊኖር ይችላል፤ በግልጽ ልንገርህ። መስታወቱን ስትቆርጥ ጠርዙን በማሽን ሞርደኸዋል ወይስ እንደተሰበረ ነው ያስገባኸው? ከታች የጎማ ድጋፍ አለው ወይስ በቀጥታ አሉሚኒየም ላይ ተቀምጧል? ዙሪያውን 5 ሚሊ ያህል ክፍተት ተውክለት? አሉሚኒየም ከመስታወት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይሰፋል፣ ይኮማተራል። 1 ሜትር ተኩል የሆነ ፍሬም 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1 ሚሊ ገደማ ያጥራል፤ መስታወቱ ግን 0.4 ሚሊ ብቻ። ክፍተት ከሌለ ብረቱ መስታወቱን ይነክሰዋል። የተሸረፈ ጠርዝና የተነከሰ ጥግ ካለ፣ ሌላው ሁሉ ቢስተካከልም መሰንጠቁ አይቆምም።

ይህን የሚፈታልህ የተሰነጠቀው መስታወት ራሱ ነው። ስንጥቁ ከጠርዙ ሲነሳ ቀጥ ብሎ፣ ከጠርዙም ከፊቱም 90 ዲግሪ ሆኖ የተወሰነ ሴንቲ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ ከሆነ ሙቀት ነው። ከአንድ ነጥብ እንደ ኮከብ የተበተነ ከሆነ ድንጋይ ወይም ምት ነው። ከጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሄደ ከሆነ ፍሬሙ መንከሱን ጠርጥር።

ከዚያ ስንጥቁ የተነሳበትን ቁራጭ አውጥተህ የተሰበረውን ፊት በመብራት እየው። መነሻው ላይ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ግማሽ ክብ አለ። ከሱ ቀጥሎ ጭጋግ የመሰለ፣ ከዚያም ሻካራ መስመሮች ይመጣሉ። የለሰለሰው ክብ መሀል ብዙውን ጊዜ ሽራፊዋ ቁጭ ብላ ታገኛታለህ። የክቡ መጠን መስታወቱ በተሰበረባት ቅጽበት የነበረውን ውጥረት ይነግርሃል። ለተራ መስታወት፣ ከመነሻው እስከ ጭጋጉ ያለው ርቀት 4 ሚሊ ከሆነ ውጥረቱ 30 ሜጋፓስካል ገደማ ነበር። 9 ሚሊ ከሆነ ወደ 20 ይወርዳል። ክቡ በሰፋ ቁጥር መስታወቱ የተሰበረው በትንሽ ኃይል ነው፤ ያ ማለት ጠርዙ ተጎድቶ ነበር። በ6 ሚሊ ውፍረት ላይ ይህ ግምት ነው፤ ግን ከካሜራው ቀለም እጅግ የተሻለ ምስክር ነው። ሰነፍ ሥራና ደህና ሥራን የሚለየው ይህ ክብ ስለሆነ፣ ለአንተም ለባለቤቱም ፍትሐዊ ነው።

ለባለቤቱ «ዕቃው አይረባም» የሚለውን በዚህ መልስለት፦ ምዕራቡም ምሥራቁም ላይ የተገጠመው ያው መስታወት ነው፣ የተሰነጠቀው ግን በምሥራቅ በኩል ያለው ብቻ ነው። ወጪውን ስትነጋገሩ የንባቡን ወረቀትና የቁራጩን ፎቶ ይዘህ ግባ። የምትቀይራቸውን አምስቱን ያው ተራ ሰማያዊ መልሰህ አትግጠም፤ በሚቀጥለው ኅዳር ትመለሳለህ። ልኩን ወስደህ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ ቴምፐርድ ይሁን። ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ አይቆረጥም፣ አይሞረድም፤ ስለዚህ ልክ አወሳሰድህ ላይ ተጠንቀቅ። ሲመጣልህ ከመግጠምህ በፊት በላፕቶፑ እየው።

የተሰነጠቁትን ስታወርድ መነሻ ቁራጮቹን እንዳትጥላቸው። የተሰበረውን ፊት በጨርቅ አትጥረገው፣ በጣትህም አትንካው። እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልለህ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው መስኮት፣ ከላይ ይሁን ከታች ወይም ከጎን፣ ከውጭ በማርከር ጻፍበት። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠህ፣ ብርሃኑን ከጎን አድርገህ ፎቶ አንሳና በአራቱም ሰዓቶች ካነበብካቸው ቁጥሮች ጋር ላክልኝ። ክቡን አብረን እንለካዋለን።